ከቦዲቲ ሶዶ በሃያ አንድ ደቂቃ

የትም ከተማ ሂዱ፤ ከመኪና ወርዳችሁ ወገባችሁን እያሻሻችሁ ሳለ «ደህና ገባችሁ?» በማለት ፈንታ «በስንት ደቂቃ ደረሳችሁ?» የሚል አንድ ሰው አታጡም። መልሳችሁ ምንም ይሁን ምን አይረካም። ሃምሳ ደቂቃ ብትሉት አርባ አምስት ይበቃ ነበር ይላል፤ አርባ አምስት ብትሉት ሾፌሩ ማን እንደነበረ ጠይቆ ራሱን ይነቀንቃል። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩ፣ በየሰርጉ አለ። መንግሥት አይመድበውም፣ ደመወዝ አይቆረጥለትም፤ ቦታው ግን ክፍት ሆኖ አያውቅም።

ለእኛ የደረሱን ክቡር አቶ ዳልጮ ናቸው። በሌሉበት ሊቀ ሰከንድ እላቸዋለሁ፤ ባሉበት ግን በዕድሜም በአገልግሎትም ስለሚበልጡኝ ጋሼ ዳልጮ ናቸው። ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት እሳቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ እኔ የፕላን ባለሙያ ነበርን። ሁለታችንም የምንኖረው ቦዲቲ ስለሆነ ጠዋት በአንድ ሚኒባስ ሄደን ማታ በአንድ ሚኒባስ እንመለሳለን። ረጅም፣ ቀጭን፣ በፀሐይም ሆነ በዝናብ ክራቫታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። የግራ እጃቸው ላይ ባለ ብዙ ቁልፍ ጥቁር ዲጂታል ሰዓት አለ። ሚኒባሱ ሲነሳ አንዱን ቁልፍ ጫን፣ ሲቆም ሌላውን ጫን ያደርጋሉ፤ ከዚያ ከኮታቸው ኪስ ሰማያዊ ደብተር ያወጡና ይጽፋሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መኪና ነድተው አያውቁም። መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ የሾፌር ወንበር ላይ ለፎቶ እንኳ አልተቀመጡም። እውቀታቸው ሁሉ የተገኘው ከሶፊ ቤት ነው። ሶፊ ከሶዶ መናኸሪያ ጀርባ ሦስት ቴሌቪዥን ደርድራ ጌም የምታጫውት፣ ቁጣዋና ሳቋ የማይለዩ ሴት ናት። የቤቱ ደንበኞች ኳስ ጨዋታ ላይ ሲንጫጩ አቶ ዳልጮ በምሳ ሰዓት ኮታቸውን ሳያወልቁ ይገባሉ፤ ጥግ ያለው ቴሌቪዥን ፊት በርጩማ ስበው ይቀመጡና ጆይስቲኩን በሁለት እጃቸው እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ይይዙታል። የሚጫወቱት የመኪና ውድድር ብቻ ነው፤ ከመኪና ውድድሩም አንድ መንገድ ብቻ።

ያ መንገድ ጀርመን አገር በጫካ መሀል የሚጠማዘዝ ነው። አንዱ ዙር ሃያ ኪሎ ሜትር ከስምንት መቶ ሜትር ነው። አቶ ዳልጮ ይህን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያነበቡ ቀን ከሶፊ ቤት ወጥተው በቀጥታ ወደ ቦልቴ ሄዱ። ቦልቴ ከቦዲቲ ሶዶ የሚመላለሰው ሚኒባስ ሾፌር ነው። በኪሎ ሜትር መቁጠሪያው መንገዱን አስለኩት። ከቦዲቲ መሀል ከተማ እስከ ሶዶ መናኸሪያ በር ሃያ ኪሎ ሜትር ሞላ፤ የጎደለውን ስምንት መቶ ሜትር ወደ ኋላ ሲቆጥሩት የት ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነው? አቶ ዳልጮ ደጃፍ ላይ! ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓለም ነገር ሁሉ ተገለጠላቸው። ጀርመኖች የሠሩትን መንገድ እግዚአብሔር እኛ ዘንድም አስቀምጦታል፣ መነሻውም የሳቸው አጥር በር ነው።

«በጌም ዘጠኝ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ነው፤» ይሉናል ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ቦልቴ አሥራ ሰባት ከአርባ። ልዩነቱን ማነው የሚያስረዳኝ?»

የሚያስረዱት ራሳቸው ናቸው። ጌሙ ውስጥ ላም የለም። በእኛ መንገድ አንድ ላም አራት ሰከንድ ትበላለች፤ ጭነት ያለው አህያ ስድስት። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ትርፍ የተጫኑት ሰዎች «አጎንብሱ!» ተብለው እስኪያጎነብሱና ተመልሰው እስኪቀመጡ አሥራ ሁለት ሰከንድ። ለቀብር የሚሄድ ሕዝብ ከተገኘ ግን ሰዓቱን ያቆሙታል፤ «ቀብር ላይ ሰዓት አይያዝም» ይላሉ። ይህ ሁሉ ተቀንሶ ቦልቴና ጀርመኖቹ የሚለያዩት በሦስት ደቂቃ ብቻ ሆነ። ቦልቴ ይህን ሲሰማ አንገቱ ወፈረ፤ ለሳምንት ያህል ሰላምታችንንም በአገጩ ነበር የሚመልሰው።

ሶፊ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርታ የነገረችኝን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። «ይስሐቅ፣ ለማንም እንዳትናገር። ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ዳልጮ ያንን መንገድ አንድ ቀን እንኳ ጨርሶት አያውቅም። መጨረሻው አጠገብ አንድ ኩርባ አለ፤ እዚያ ሲደርስ መኪናዋ ትገለበጥበታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ኩርባ ላይ!»

ስለ ባለቤታቸውም ትንሽ ልበል። ወይዘሮ ፈጠነች ይባላሉ። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሳቸው ግን ካገኙት ሁሉ ጋር እየቆሙ፣ የታመመውን እየጠየቁ፣ የጠፋውን እየወቀሱ አርባ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ሊቀ ሰከንድ ከጎናቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። እሳቸውን «በስንት ደቂቃ?» ብለው ሲጠይቁ የሰማ የለም።

ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ያንን ዘመን የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ ተለክቶ በየበሩ ላይ ይለጠፍ ነበር። ሁላችንም ከሥራ የምንፈናቀል መስሎን ቀልባችን ተገፎ ስንዞር፣ ፊታቸው የበራው አቶ ዳልጮ ብቻ ነበሩ። አገር በመጨረሻ ወደሳቸው ሐሳብ መጣች! የኃላፊያችንን ፊርማ ሳይቀር ለኩ፤ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ፣ ከዚህ ውስጥ አንድ ደቂቃ ከሃያው መነጽር ፍለጋ። በመዝገብ ቤቱ በር ላይም «ፋይል ለማውጣት፦ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። በጌም ቢሆን፦ አንድ ከሃያ» ብለው ለጠፉ። በግምገማ ላይ «ሥራን ከጨዋታ ጋር የማነጻጸር ዝንባሌ ይታይባቸዋል» ተብለው ተተቹ። ሂሱን ተቀበሉ። ግምገማው አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ መፍጀቱም በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አሉ።

እኔ በዚህ ሁሉ ስስቅ ኖሬያለሁ። መሳቄን ያቆምኩት ባለቤቴ ትሕትና የፀነሰች ጊዜ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችንን ከሁለት ዓመት በፊት አጥተናል። ትሕትና በኦፕሬሽን ተገላግላ እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። ስለዚህ አሁን ሶዶ የሚከታተሏት ሐኪም ሁለታችንንም አስቀምጠው፣ ቃላቸውን አንድ በአንድ እየረገጡ ነገሩን። «ምጥ ከጀመረ ቤት መጠበቅ የለም። ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ እዚህ ድረሱ።» ትሕትና «እሺ ዶክተር» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። እኔ ግን ያን ቀን ከዚያ ክፍል የወጣሁት «አንድ ሰዓት» የሚለውን ቃል ደረቴ ውስጥ ይዤ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልወጣልኝም። ምግብ ስበላ አንድ ሰዓት፣ ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት። ትሕትና ስታስል እንኳ ብድግ እላለሁ።

ስጋቴን ያባባሰው ደግሞ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ጌሙ ውስጥ የመኪናው ፍጥነት በቁጥር ይታያል። አቶ ዳልጮ የጀርመኑ መኪና በቀጥታው መንገድ ላይ መቶ ሃምሳ አምስት እንደሚደርስ አዩ። ቦልቴ ደግሞ ወደ ሶዶ በሚያወርደው ቀጥታ ላይ መቶ አርባ እንደሚደርስ ይምላል። «ልዩነቱ አሥራ አምስት ብቻ ነው!» ብለው አወጁ፣ ጠዋት፣ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ። «ቦልቴ፣ የሰው አገር ሰው በአሥራ አምስት በለጠህ።»

ቦልቴ ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። «ኤሱዋን!» አለ፤ ቶሎ በል ማለቱ ነው፣ ለሞተሩ። ያን ቀን ትሕትና ለክትትል ከእኔ ጋር ተሳፍራ ነበር። ሚኒባሱ ቁልቁል ሲወረወር ከኋላ ያሉት እናቶች መዝሙር ጀመሩ፤ እኔ በአንድ እጄ የፊቱን ወንበር፣ በሌላው የትሕትናን ክንድ ይዤ ላብ አጠመቀኝ። ትሕትና «ክንዴን ለቀቅ አርገው፣ ደሜ ቆመ» አለችኝ። ከኋላችን የተቀመጠው የፊዚክስ አስተማሪው እዮኤል ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ።

«ጋሼ ዳልጮ፣ መቶ ሃምሳ አምስት ምን?»

«እንዴት ምን?»

«ኪሎ ሜትር ነው ማይል? ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን ፊደል አይተዋል?»

ፊደሉን አላዩትም ነበር። ማይል ነበር። አንዱ ማይል አንድ ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ሜትር መሆኑን እዮኤል አስረዳ፤ የጀርመኑ መኪና የሚሮጠው መቶ ሃምሳ አምስት ሳይሆን ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። ቦልቴ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ፣ አንገቱም በዚያው ቀጠነ። አቶ ዳልጮ ሦስት ቀን ሰው አላናገሩም። በአራተኛው ቀን የሁለት ዓመቱን ደብተር በሙሉ፣ እያንዳንዱን ፍጥነት እያባዙ በቀይ እስክሪብቶ አርመው መጡ። አንዲት ቁጥር አልደበቁም፤ ከሽፋኑ ጀርባም «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ዳልጮ» ብለው ፈርመውበታል። ስለ ቁጥር የማይዋሹ ሰው መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ታዲያ ወሩ እየገፋ ሲሄድ ሳላስበው እኔው ወደሳቸው መጠጋት ጀመርኩ። በቦዲቲና በሶዶ መካከል ያለውን ጊዜ እንደሳቸው የሚያውቅ ማን አለ? ከወንበሬ ተነስቼ ፊት ወንበር አጠገባቸው ገባሁ።

«ጋሼ ዳልጮ፣ በገበያ ቀን ከሆነስ?»

«ሃያ ስድስት። ጠዋት ከሆነ ሠላሳ።»

«ዝናብ ከዘነበስ?»

«ሠላሳ አራት።»

«ዝናብም ገበያም ከሆነስ?»

ዞረው አዩኝ። የኔን ዓይን ማየታቸው ይሁን ሌላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር አልነገሩኝም። «ሚስትህን መውለጃዋ ሲቃረብ ሶዶ ዘመድ ቤት አስቀምጣት» አሉኝ። እኛም ያሰብነው እሱን ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ሶዶ አክስቷ ዘንድ ልትቀመጥ ልብሷን ሁሉ አጣጥፋለች።

ምጡ የመጣው ከመሄጃዋ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ትሕትና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችና «ይስሐቅ፣ ሳይሆን አይቀርም» አለች። አንዱን ጫማ አስሬ አንዱን ሳላስር እየሮጥኩ አቶ ዳልጮ ቤት ደረስኩ፤ አጥሩን ያዝኩ። ያልታሰረውን ጫማዬን አይተው ገባቸው። ለቦልቴ ደወሉ።

ቦልቴ ቦዲቲ መናኸሪያ ላይ አሥራ አንድ ሰው ጭኖ ሊነሳ ነበር። «ምጥ ነው፣ ውረዱልኝ» ሲላቸው አንድ የተከራከረ አልነበረም። አንዲት ሴት ዶሮዋን ከወንበር ሥር ጎትታ አውጥታ «ጦሳይ ማዶ» አለች አሉ፤ እግዚአብሔር ይርዳችሁ ማለቷ ነው። መኪናው ደጃችን ሲደርስ ወይዘሮ ፈጠነች ቀድመው ከትሕትና ጎን ነበሩ። ያ የአርባ ደቂቃ እግራቸው ያን ዕለት እንዴት እንደመጣ እስካሁን አልገባኝም። ትሕትናን አቅፈው ኋላ ተቀመጡ። እኔ ከነሱ ፊት፣ አቶ ዳልጮ ጋቢና። ሞባይሌ ቤት ቻርጅ ላይ ቀርቷል።

በአቶ ዳልጮ ደጃፍ ስናልፍ የሰዓታቸውን ቁልፍ ጫን አደረጉ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ሰዓትህን ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ለማመሳከሪያ። እንዲህ ላለ ጉዞ ሁለት የእጅ ሰዓት ያስፈልጋል።»

ፈትቼ ሰጠኋቸው። ቦልቴ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሁለት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ቀን እንደመጣ ዓይኑ እያበራ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ አሥራ ሰባት ከአርባን ካልሰበርኩ ቦልቴ አልባልም» አለ። «ኤሱዋን!»

«ሎዳን» አሉ አቶ ዳልጮ።

ቦልቴ ዞሮ አያቸው። እኔም የሰማሁት ነገር የተሳሳተ መሰለኝ። ሎዳን ማለት ቀስ በል ማለት ነው፤ ከዚህ ሰው አፍ ይህ ቃል በወላይትኛም በአማርኛም ወጥቶ አያውቅም።

«ሎዳን ሎዳን። ግራህን ያዝ። ከትምህርት ቤቱ ፊት ጉድጓድ አለ፣ በቀኝህ አሳልፈው። እንዳይመታት።»

«ጋሼ ዳልጮ!» ብዬ ጮህኩ። «አንድ ሰዓት ነው የተባለው! አንድ ሰዓት!»

«ሰምቻለሁ። ሰዓት ይዣለሁ። ያልተጨረሰ ዙር አይመዘገብም፤ አንተ ዝም በል።»

ዝም ማለት አልቻልኩም። ትሕትና ባቃሰተች ቁጥር እኔ «ስንት ሆነ?» እላለሁ። «አራት» ይላሉ። ዛፎቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ ቅጠላቸውን መቁጠር ይቻል ነበር። «ስንት ሆነ?» «ሰባት።» ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን መንገድ ለፍጥነት ያጠኑት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እያንዳንዱን እብጠት በቃላቸው ይዘውታል። «አሁን ድልድይ ነው፣ በሁለተኛ ማርሽ። አሁን አስፋልቱ የተቀደደበት ነው፣ ቁም ማለት ይቻላል። አሁን ትንሽ ሂድ።» ቦልቴ እንደ ተማሪ ይታዘዛል። ብስክሌት አለፈን። እውነቴን ነው፣ በብስክሌት ታለፍን! እኔ በልቤ ሰውየውን ረገምኩ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ሁለት ዓመት ፍጥነት ፍጥነት ሲል ኖሮ ዛሬ፣ በኔ ልጅ ላይ፣ ቀስ ማለት አማረው ብዬ በጣም ረገምኩ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ለገበያ የሚነዱ በሬዎች አስፋልቱን ዘጉት። ቦልቴ ጡሩምባውን ሊጫን ሲል አቶ ዳልጮ እጁን ያዙት። በሩን ከፍተው ወረዱ። ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሬዎቹ መካከል ገቡና በእጃቸው ግራና ቀኝ እየገፉ ከመኪናው ፊት ፊት በእግራቸው ሄዱ። የበሬዎቹ ባለቤቶች ነገሩን ሲሰሙ አብረው ይገፉ ጀመር። ተመልሰው ሲገቡ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት እበት ሆኗል።

«ስንት ሆነ?» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ልጅ ቀጥኖ።

ሰዓታቸውን አዩ። ረጅም ጊዜ ነው ያዩት። «አሥራ ሦስት» አሉ።

አሥራ ሦስት! ደረቴ ውስጥ የነበረው ነገር ላላ አለ። ጭንቅ ሲሆን አንዷ ደቂቃ እንደ አሥር ትረዝማለች፣ ለካ ገና ብዙ ጊዜ አለን አልኩ። ከዚያ በኋላ መጮኼን ተውኩ፤ ወደ ትሕትና ዞሬ እጇን ያዝኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየሁት። «አይዞሽ፣ አሥራ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው» አልኳት። «እሺ» አለችኝና ዓይኗን ጨፈነች። ወይዘሮ ፈጠነች በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቁልፉን ጫን አደረጉ። «ሃያ አንድ ደቂቃ» አሉና ሰዓቴን መለሱልኝ። እኔ ሰዓት የማይበት ፋታ አልነበረኝም፤ ኪሴ ከትቼው ከትሕትና ጋር ሮጥኩ። ሐኪሟ ተቀብለዋት ኦፕሬሽን ክፍል አስገቧት። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁለቱም ደህና መሆናቸው ተነገረኝ፤ ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ግድግዳ ተደግፌ ሳለቅስ አቶ ዳልጮ አጠገቤ ቆመው እበት የነካውን ሱሪያቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሁሉ ይህን ታሪክ ከኔ ሰምቷል። በገበያ ቀን፣ በሬ አቋርጦ፣ ሃያ አንድ ደቂቃ! እዮኤል አንድ ጠዋት ጣቱን እየቆጠረ «ይሄ እኮ በአማካይ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ይመጣል። ብስክሌት አለፈን አላልክም?» አለኝ። በፊዚክስ የማይለካ ነገር አለ ብዬ ዘጋሁት።

ስም የምናወጣ ጊዜ ትሕትናን «ፈጠነች እንበላት» አልኳት። «ለወይዘሮ ፈጠነችም ክብር ነው፤ ደግሞም በሃያ አንድ ደቂቃ የደረሰች ልጅ ናት።»

ትሕትና መሳቅ ጀመረች። የኦፕሬሽኑ ስፌት እያመማት፣ ሆዷን ይዛ፣ «ተው አታስቀኝ» እያለች ሳቀች።

«በአርባ ስድስት ደቂቃ የደረሰች ልጅ ፈጠነች ትባላለች?»

«ምን?»

«ሰዓቴ እጄ ላይ ነበር እኮ፣ ይስሐቅ። አርባ ስድስት ነው። ጋሼ ዳልጮ አሥራ ሦስት ያለህ ጊዜ ሠላሳ አልፎ ነበር። እትዬ ፈጠነችም አይታለች። እጄን ጨበጥ አደረገችኝ፣ ዝም በይ ለማለት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ላንተ?» አለች፤ ሳቋን ትታ። «አንተ እኮ ከኔ በፊት ልትወልድ ደርሰህ ነበር። እያንዳንዷ እብጠት ለእኔ ቢላዋ ነበረች፤ እሱ ነው ቀስ በል እያለ ያሻገረኝ። ያንተ ጩኸት ግን ከሁሉም ይብስ ነበር። አሥራ ሦስት ሲልህ ጸጥ አልክ፣ እጄን ያዝክ። እኔም ያን ጊዜ ነው መተንፈስ የቻልኩት።»

ልጃችንን ሶልያና አልናት።

በማግስቱ ፋይል ፈልጌ መዝገብ ቤት ገባሁ። አቶ ዳልጮ አልነበሩም፤ ሰማያዊው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር። የሰው ደብተር መግለጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ገለጥኩት። ያ ቀን በቦታው አለ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ። ቦልቴ፣ የገበያ ቀን፣ በሬ፣ አርባ ስድስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። ለበሬዎቹ አንዲት ሰከንድ አልቀነሱም። ደብተራቸውን አልዋሹትም፤ የዋሹት እኔን ብቻ ነው። ወደ መጨረሻው ገጽ አለፍኩ። «ምርጥ ዙሮች» ይላል። ቦልቴ ለሁለት ዓመት በአሥራ ሰባት ከአርባ የያዘው አንደኛው ቁጥር ተሰርዞ ሁለተኛ ሆኗል። አንደኛው ላይ አርባ ስድስት ከአሥራ ሁለት ተጽፎ፣ ከጎኑ አንዲት ቃል አለች፦ «ተጠናቋል»።

በሩ ሲከፈት ደብተሩን ቶሎ ዘጋሁት። አቶ ዳልጮ ቆመው አዩኝ፤ ከዚያ ደብተሩን አዩ። ሱሪያቸው ታጥቦ ተተኩሷል፤ ከጉልበቱ በታች ግን ያ እበት አረንጓዴ ጥላ ትቶበታል።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«አንድ ፋይል፣ ጋሼ ዳልጮ። ደግሞ ለመጠየቅ ነው። ያን ቀን በስንት ደቂቃ ነበር የደረስነው?»

ዓይናቸው አልተንቀሳቀሰም። ስለ ቁጥር በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የዋሹ ሰው፣ ሁለተኛውን ያለ ምንም ችግር ደገሙት።

«ሃያ አንድ» አሉ።

«እኔም ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የምለው» አልኳቸው።

«ልክ ነህ» አሉና ፋይሌን ሊፈልጉ ወደ መደርደሪያው ሄዱ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ የሚል ወረቀት የተለጠፈበት በር ሥር ቆሜ ጠበቅኳቸው። ቀስ እያሉ ነበር የሚፈልጉት፤ እኔም አልቸኮልኩም።